ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ የጎንደር ተወላጁ ሐኪምና ለዛሬው የጤና ባለሙያ ሥልጠና የተዉት ጥያቄ

መግቢያ

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ ወረዳዎች ዕድሜዋ ከስድሳ ያለፈ እናት ከደጇ ላይ አዳልጧት ወድቃ የእጇ አንጓ ቢሰበር፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የምትሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ያሻል፣ ያስራል፤ አጥንቱም ውሎ አድሮ ይገጥማል። ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድም ስብራቱ ይታከማል፣ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣታል፤ በቁመቷ ልክ መውደቅ እንዴት አጥንት ሊሰብር ቻለ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዳሌ አጥንቷ ሲሰበር ጥያቄው ዘግይቶ ይመጣል። የአጥንት መሳሳት ድምፅ የሌለው በሽታ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚናገረው በስብራት ብቻ ስለሆነ፣ ያንን የመጀመሪያ ንግግር የሚሰማ የሰለጠነ ጆሮ ያስፈልገዋል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሥልጠናውን ጥያቄ የሚያነሣው በአንድ የሕይወት ታሪክ በኩል ነው። ባለታሪኩ ጎንደር የተወለዱት፣ በዘመናዊ ሕክምና የሰለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ተብለው የሚታወቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ሕይወታቸው የተመረጠው ስለ አጥንት በሽታ ስላስተማሩ አይደለም። በማረጥ ሳቢያ የሚመጣው የአጥንት መሳሳት በአሜሪካዊው ሐኪም በፉለር ኦልብራይት የተብራራው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ ሲሆን፣ ሐኪም ወርቅነህ ያኔ ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ነበር። የእሳቸው ሕይወት ለርእሱ የሚጠቅመው የሕክምና ዕውቀት በዚህ ሀገር ከአንድ ሰው እጅ ወደ ብዙዎች እጅ የሚሸጋገርበትን መንገድና በመንገዱ ላይ ያለውን ክፍተት አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው።

ልደት፣ መቅደላና ስደት

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. (1864 እ.ኤ.አ.) ጎንደር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ይባሉ ነበር። የተወለዱበት ዘመን ለጎንደር የመከራ ዘመን ነበር። ከተማዋ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ላይ የዘረፋና የቃጠሎ ሰለባ ሆናለች። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ሕፃኑ በመቅደላ አምባ ላይ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲይዝና ንጉሠ ነገሥቱ የገዛ ሕይወታቸውን ሲያጠፉ፣ የሦስት ዓመቱ ሕፃን ከወላጆቻቸው ተለያዩ። በግርግሩ መካከል ያገኟቸው የእንግሊዝ ወታደሮች ነበሩ፤ ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንንም ይዟቸው ወደ ሕንድ ተሻገረ።

ቻምበርሌን ሲሞት የትምህርታቸውን ወጪ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ተቀበለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸው ከእነዚህ ሁለት አሳዳጊዎች ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በሕንድ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደጉ፤ አማርኛ ቋንቋቸውንም ረሱ። በእናት ሀገራቸው ግን ጠፉ ተብለው የቀሩት ልጅ በቤተሰቡ ልብ ውስጥ አልጠፉም ነበር።

ትምህርትና የመጀመሪያ አገልግሎት

በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1882 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። ይህ ዓመት ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋሲ ማግኘቱን ለዓለም ያሳወቀበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የተመረቀ ሐኪም የተማረው ብዙው ነገር ገና ዲፕሎማው ሳይደርቅ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ወጣቱ ሐኪምም የላሆርን ምስክር ወረቀት የመጨረሻ አላደረጉትም። ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራና በግላስጎው ተጨማሪ የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ፤ የሐኪምነት ፈቃዳቸውንም በዚያ አጠናከሩ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ግዛት ሥር በነበረችው በርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነው ተመደቡ።

በርማ ሳሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ተሰማ። ድሉ በመላው ዓለም ያሉ ጥቁር ሕዝቦችን እንዳነቃ ሁሉ፣ የራሳቸው ሀገር መሆኗን ያወቋትን ነገር ግን ያላዩአትን ኢትዮጵያን በልባቸው አነሣሣ። ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ጉዞ ጀመሩ።

የመመለስ ዘመን

በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አዲስ አበባ የገቡት ሐኪም ቋንቋውን የማያውቁ፣ በአስተርጓሚ የሚናገሩ፣ አለባበሳቸውም አነጋገራቸውም የእንግሊዝ የሆነ ሰው ነበሩ። በከተማዋ ድንኳናቸውን ተክለው ሕመምተኞችን በነፃ ማከም ጀመሩ። በዚያ ዘመን በሀገሪቱ የነበረው የዘመናዊ ሕክምና አገልግሎት ከአድዋ በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ሥራና የጥቂት ሚሲዮናውያን ጥረት ያህል ነበር። የሀገሬው ተወላጅ የሆነ ሐኪም ማየት ለሕዝቡም ለቤተ መንግሥቱም አዲስ ነገር ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ትኩረታቸውን ሰጧቸው።

ወሬው ወደ ቤተሰቡ ደረሰ። አያታቸው መጥተው በክንዳቸውና በእግራቸው ላይ የነበሩትን የሕፃንነት ጠባሳዎች አይተው ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ሠላሳ ዓመት ያለፈበት ታሪክ በሰውነት ላይ ተጽፎ ቆይቶ ነበር፤ ያነበበችውም ምን እንደምትፈልግ የምታውቅ አንዲት ባልቴት ናት። ወርቅነህ የሚለው ስምም ከዚያ በኋላ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ይህ መመለስ ግን ዘላቂ አልሆነም። ሐኪም ወርቅነህ በሶማሌ ምድር በሰይድ መሐመድ ላይ በተደረገው ዘመቻ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር በሐኪምነት ከተጓዙ በኋላ ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ። በ1908 እ.ኤ.አ. እንደገና መጥተው በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ በጠና ታመው የነበሩትን ዐፄ ምኒልክንም ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ከወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ጋር ትዳር መሥርተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ይሁን እንጂ በ1913 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ ወደ በርማ ሄዱ። ለዘለቄታው የተመለሱት የጡረታ መብታቸው ከተከበረ በኋላ በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ክፍል የሕይወት ታሪካቸውን የሚያነብ የዛሬ የጤና ባለሙያ የራሱን ዘመን ጥያቄ ያገኝበታል። ሀገሩን የሚወድ ሐኪም ሁለት ጊዜ ከሀገሩ የወጣው ፍቅሩ ስላነሰ አልነበረም፤ በሀገሩ ሙያውን የሚይዝ፣ ደመወዝና ጡረታ የሚያረጋግጥ፣ መሣሪያና ረዳት የሚሰጥ ተቋም ገና ስላልነበረ ነው።

ከሐኪምነት ወደ አስተማሪነት

ከ1919 እ.ኤ.አ. በኋላ የሐኪም ወርቅነህ ሥራ ከሕክምና ወደ ትምህርትና አስተዳደር አዘነበለ። የውጭ ሀገር ሰዎችን ጉዳይ በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ። ነፃ ለወጡ ባሮች የተከፈተው ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከሙ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ የሚያስተምር መጽሐፋቸው ታተመ። በሕፃንነታቸው የጠፋባቸውን ቋንቋ ጎልማሳ ሆነው ተምረው፣ ዓለምን ለኢትዮጵያ ወጣቶች በዚያው ቋንቋ ማስረዳታቸው በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በመጀመሪያው ጉዟቸው ሕመምተኛ ሲያነጋግሩ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው የነበሩት ሰው፣ ዕውቀት በሰው ቋንቋ ካልቀረበ እንደማይሰርጽ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

በ1927 እ.ኤ.አ. በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ከጄ. ጂ. ዋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር ለመደራደር ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዚያም ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ወደ ሕንድም ተጉዘው የተማሩ ሰዎችን መለመሉ። በ1930 እ.ኤ.አ. ገደማ የጨርጨር ገዢ ሆነው በአሰበ ተፈሪ ከተማ አርአያ የሚሆን አስተዳደር ለማቋቋም ሞከሩ። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የሚታየው አንድ እምነት ነው፦ ሀገር የሚያድገው በሰለጠነ ሰው ነው፤ የሰለጠነው ሰው ከጠፋም ከየትም ተፈልጎ ይመጣል፣ ጎን ለጎንም በሀገር ውስጥ ይፈጠራል።

አንድ ነገር ግን ጎድሎ ቀረ። ትምህርት ቤቶችን የመሩት ሐኪም የሕክምና ትምህርት ቤት ለማየት አልታደሉም። በዘመናቸው የዳግማዊ ምኒልክና የቤተ ሳይዳ ሆስፒታሎች ተከፍተዋል፤ ሐኪሞቹ ግን በአብዛኛው የውጭ ዜጎች ነበሩ። ሕክምና መማር የፈለገ ኢትዮጵያዊ፣ እንደ ዶክተር መላኩ በያን ሁሉ፣ ባሕር መሻገር ነበረበት። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው። ስለዚህ የሐኪም ወርቅነህ የሕክምና ዕውቀት የነበረው በራሳቸው እጅ ነበር፤ እሳቸው ከሕክምና ሲርቁ አብሯቸው ራቀ።

ሐዘንና ፍጻሜ

ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በጦርነቱ ዘመን የሀገራቸውን ጉዳይ በእንግሊዝ ሕዝብ ፊት አቀረቡ፣ ርዳታ አሰባሰቡ። በዚሁ ጊዜ በእንግሊዝ ምህንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተማሩ ኢትዮጵያውያን ላይ በወረደው የጭካኔ በትር ሁለቱም ተገደሉ። ያ ጭፍጨፋ ከቤተሰብ ሐዘን በላይ የሆነ ጉዳት ነበረው፤ ሀገሪቱ በብዙ ድካም ካፈራቻቸው ጥቂት የሰለጠኑ ሰዎች ብዙዎቹን አጣች። ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. (1952 እ.ኤ.አ.) በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

ጎንደር ከእሳቸው በኋላ

እሳቸው ባረፉ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም. (1954 እ.ኤ.አ.)፣ የተወለዱባት ከተማ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆነች። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲከፈት ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አብሮ ማሠልጠን ጀመረ። ሦስቱ ሙያዎች በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ወርደው መማራቸው የጎንደር ሥልጠና መለያ ሆነ። በ1978 እ.ኤ.አ. በላይፕሲክ ይገኝ ከነበረው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ተጨመረ፤ ኮሌጁም ከጊዜ በኋላ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የ1947ቱ ሥልጠና የተቀረጸው ለዘመኑ በሽታዎች ነው፦ ለወባ፣ ለተስቦ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ሞት። ምርጫው ትክክለኛ ነበር። የሥልጠናው ስኬት ራሱ ግን አዲስ ጥያቄ አመጣ። ሰዎች ረዘም ያለ ዕድሜ በኖሩ ቁጥር በወጣትነታቸው ያልታዩ በሽታዎች ይገለጣሉ፤ የአጥንት መሳሳት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ያልተሟላው ሥልጠና፦ የአጥንት መሳሳት

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት መለኪያ መሠረት የአጥንት መሳሳት የሚባለው በዴክሳ መሣሪያ የተለካ የአጥንት ጥግግት ከጤናማ ወጣት አማካይ በ2.5 መደበኛ ልይይት ወይም ከዚያ በላይ ሲያንስ ነው። ይህ መለኪያ በደባርቅ ወይም በዳባት ለሚሠራ የጤና መኮንን ብቻውን አይጠቅመውም፤ መሣሪያው በአጠገቡ የለምና። ስለዚህ ሥልጠናው መጀመር ያለበት መሣሪያ ከማይፈልጉ ምልክቶች ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው በቁመቱ ልክ ወይም ከዚያ ባነሰ ከፍታ ወድቆ የእጅ አንጓ፣ የክንድ የላይኛው ክፍል፣ የአከርካሪ ወይም የዳሌ ስብራት ከደረሰበት፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የአጥንት መሳሳት እንዳለበት ማሰብ ይገባል። ቁመት ማጠር፣ አዲስ የመጣ ጉብጠትና ድንገተኛ የጀርባ ሕመም የአከርካሪ ስብራትን ይጠቁማሉ። ዕድሜን፣ ክብደትን፣ የቀድሞ ስብራትን፣ የወላጅን የዳሌ ስብራት፣ ትምባሆንና አልኮልን የሚያሰላው ፍራክስ የተሰኘው ቀመርም የአጥንት ጥግግት ሳይለካ ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛው የሥልጠና ክፍል መለየት ነው። በእኛ አካባቢ የጀርባ ሕመምና ጉብጠት ሲታይ የአከርካሪ ነቀርሳ ቀድሞ መታሰቡ ተገቢ ነው፤ በዚያው ማብቃቱ ግን ስሕተት ነው። ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር፣ የመቅኔ ካንሰርና በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ መለየት አለባቸው። የታማሚው መድኃኒትም ይጠየቃል፤ ፕሬድኒሶሎን ለወራት የወሰደ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፣ ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶችም ቴኖፎቪር የአጥንት ጥግግትን ይቀንሳል። እነዚህ ሁለቱም በጤና ተቋሞቻችን በየዕለቱ የሚታዘዙ ናቸው።

ሦስተኛው ክፍል ሕክምናውን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ማስማማት ነው። አሌንድሮኔት በሳምንት አንድ ጊዜ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፤ ታማሚው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መተኛትም መብላትም የለበትም። የመዋጥ ችግር ወይም ከባድ የኩላሊት በሽታ ላለበት አይሰጥም፤ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እጥረትም አስቀድሞ ይስተካከላል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማትቀምስ ምእመን ይህን ትእዛዝ እንዴት ትፈጽመዋለች? መድኃኒቱ ሳምንታዊ ስለሆነ፣ ከቀዳም ስዑር በቀር እህል ውሃ በማይከለከልበት በቅዳሜ ጠዋት እንዲወሰድ መምከር ይቻላል። ጾም የወተት ተዋጽኦን ለረጅም ወራት ስለሚያስቀር፣ ጤፍና አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል በካልሲየም ምንጭነታቸው መታወቅ አለባቸው። የቤት ደፍ፣ የጨለማ ጓዳ፣ የሚያዳልጥ ዳገት መውደቅን ስለሚያመጡ የቤት ለቤት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የሥልጠናው ተካፋይ ናት። ወጌሻውም ከውጭ መቅረት የለበትም። ስብራቱን ከሁሉ በፊት የሚያየው እሱ ነውና፣ የአረጋዊን ጀርባ በኃይል እንዳያሽና ታማሚውን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ ማሠልጠን ከብዙ መሣሪያ ይልቅ ይረዳል።

መደምደሚያ

ከሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ሦስት ነገሮች ለሥልጠና ቀራጮች ይተርፋሉ። ከላሆር በኋላ ስኮትላንድ መሄዳቸው፣ የመጀመሪያ ምስክር ወረቀት ለአርባ ዓመት አገልግሎት እንደማይበቃ ያሳያል፤ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ቋንቋቸውን እንደገና መማራቸው፣ ትክክለኛ ሕክምና በታማሚው አነጋገርና ልማድ ውስጥ ካልገባ ትእዛዝ ሆኖ እንደሚቀር ያስታውሳል። በሙያቸው ተተኪ ሳያፈሩ ማለፋቸው ደግሞ ከሁሉ የከበደው ትምህርት ነው። አንድ ልዩ ሐኪም በሪፈራል ሆስፒታል ቢኖር የአጥንት መሳሳት በሰሜን ጎንደር ደጋ አይታከምም፤ የሚታከመው ዕውቀቱ ወደ ጤና መኮንኑ፣ ወደ ነርሷ፣ ወደ መድኃኒት ባለሙያውና ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሲወርድ ነው። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በቡድን የማሠልጠን ልምድ አላት፤ በዳባት ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከልም የአረጋውያንን ስብራት በማኅበረሰብ ደረጃ ለመከታተል የሚያስችል መሠረት ነው። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚቀረው ሥራ ይህንን ልምድ ወደ አረጋውያን አጥንት ማዞር፣ ከሥልጠና በፊትና በኋላ የባለሙያዎችን ዕውቀትና አሠራር መለካት፣ ከሁሉም በላይ ከመጀመሪያው ስብራት በኋላ ስንት ታማሚዎች ምክንያቱ እንደተጠየቀላቸው መቁጠር ነው።

ሐኪም ወርቅነህን ለወገናቸው የመለሷቸው በሰውነታቸው ላይ የነበሩ ጠባሳዎችና ጠባሳዎቹን ማንበብ የቻሉ አንዲት እናት ናቸው። ዛሬ በደጋው ላይ ያሉ እናቶች የተሰበረ አንጓም እንዲሁ የሚያነበው ይፈልጋል።